ባለቤት የሌለው ግስ፦ የእግር ኳስ አሰልጣኞች አንደበት ከላስታ ሲደመጥ

የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በ2013 ዓ.ም. በሱፐርስፖርት በቀጥታ መተላለፍ ሲጀምር፣ ከኳሱ ጋር አብሮ ወደ ሕዝብ ጆሮ የገባ ሌላ ነገር አለ፦ የአሰልጣኙ ንግግር። ቀድሞ የአሰልጣኝ ቃል የሚደርሰን በሬዲዮ ተቆርጦ ወይም በጋዜጣ ተስተካክሎ ነበር። አሁን ፊሽካው በተነፋ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ፣ ንዴቱ ወይም ደስታው ገና ያልበረደለት ሰው ማይክራፎን ፊት ይቆማል። ላሊበላ ኳስ ማሳያ ቤት የተቀመጠውም፣ ወልድያ ሻይ ቤት ያለውም፣ አዲስ አበባ ሳሎኑ ውስጥ ያረፈውም እኩል ይሰማዋል። ይህ ከሆነ ወዲህ አንድ ዓይነት ፍርድ በተመልካች አፍ እየተለመደ መጥቷል፦ «ኳሱን ያውቃል፤ ንግግር ግን አይችልም።» «አማርኛው አይገጥምም።» «ምን እንዳለ የገባው አለ?»

ፍርዱ ቀላል አይደለም። በአገራችን አንደበተ ርቱዕነት ለመሪ ከሚፈለጉት ጠባዮች አንዱ ሆኖ ኖሯል፤ ሽማግሌ በቃሉ ይመዘናል፣ ተሟጋች በቃሉ ይረታል። አሰልጣኝም ሰው የሚመራ ነውና በዚሁ ሚዛን ቢቀመጥ አይገርምም። የሚያሳስበኝ ሚዛኑ ምኑን እየመዘነ እንደሆነ አለመለየቱ ነው። አድማጩ «አማርኛ አይችልም» ሲል ብዙውን ጊዜ የተሰማው ቅሬታ ሌላ ነው፤ ቅሬታው እውነተኛ ሆኖ ሳለ ስሙ ግን ተሳስቷል። ይህ ጽሑፍ ሰዋስው ለአሰልጣኝ ያስፈልገዋል ወይ የሚለውን ጥያቄ ከላስታና ከአካባቢው ተነሥቶ ይመረምራል። መልሱ አዎ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ነገር ግን የሚያስፈልገው ብዙዎቻችን በምንነቅፍበት ቦታ ላይ አይደለም።

ለምን ከላስታ? ከላስታ በስተ ደቡብ በዚያው በሰሜን ወሎ ዋድላ አለ። ዋድላ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር ከሦስቱ ስመ ጥር የቅኔ ቤቶች አንዱ ነው። ሰዋስው በዚህ ምድር ከዘመናዊ ትምህርት ቤት በፊት የሚኖርበት ቤት ነበረው፤ ያውም በቃል። የቅኔ ተማሪ ግሱን ያወርዳል፣ አገባቡን ይማራል፣ ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስ ድረስ ይወጣል፤ የቆጠረውን ቅኔ መምህሩ ፊት ቆሞ ይነግራል፤ መምህሩም ሰምቶ እዚያው ያርማል። ባለቤቱና አንቀጹ ካልተስማሙ ይመለሳል። ከዚህ ሁሉ ለዛሬው ጉዳያችን የሚረባው ግን ሁለተኛው ፍተሻ ነው። አገባቡ አንዳች ሳይጎድለው ምሥጢር የሌለው ቅኔም አያልፍም። ሰዋስው በዋድላ መንገድ መግቢያ ነው እንጂ መድረሻ አይደለም፤ ማን ምን እንዳደረገ፣ በማን ላይ እንዳደረገ፣ ሰሙ ወርቁን እንዴት እንደተሸከመ ለማወቅ የተዘጋጀ መሣሪያ ነው። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ታላቅ መጽሐፍ በ1948 ዓ.ም. በደቀ መዝሙራቸው በደስታ ተክለ ወልድ እጅ ሲታተም ሰዋስውን፣ ግስንና መዝገበ ቃላትን በአንድ ጥራዝ ማሰሩ ከዚሁ አስተሳሰብ የመጣ ይመስለኛል፤ ስሕተት ማደኛ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሦስቱን አንድ ላይ ማሰር ባላስፈለገም ነበር።

ላስታ ሁለተኛ ምስክርነትም አላት። የዛጉዌ ነገሥታት ከአገው ወገን ነበሩ፤ በቤተ መቅደሳቸው የሚቀደሰው ግን በግእዝ ነበር። ከ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 13ኛው መጀመሪያ የነገሠው ቅዱስ ላሊበላ በስሙ የሚጠሩትን 11 አብያተ ክርስቲያናት ትቶልን ሲያልፍ፣ የእናቱ ቋንቋና የቅዳሴው ቋንቋ ሁለት ነበሩ ማለት ነው። ዛሬም ከላስታ ሰሜን በዋግ ኽምጣኛ ይነገራል። እንዲህ ያለ ምድር ላይ ያደገ ሰው አንድ ቋንቋ በሁለተኛ አፍ ሲነገር መስማት አዲስ አይሆንበትም፤ ባዕድ ቋንቋ ተምሮ የተናገረን ሰው በአነጋገሩ ማነወርም የራስን ታሪክ ማነወር ነው።

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። በሊጋችን ከሚያሠለጥኑት መካከል አማርኛን ከእናታቸው ያልሰሙ፣ በትምህርት ቤት ወይም በካምፕ የለመዱት ብዙ ናቸው፤ ከሐዋሳ እስከ ወላይታ፣ ከጅማ እስከ ድሬዳዋ። አማርኛ ደግሞ በየግሱ ላይ ጾታ ይጠይቃል፣ ቁጥር ይጠይቃል፣ አክብሮት ይጠይቃል። «ቡድናችን ጥሩ ተጫውታለች» ያለ አሰልጣኝ ጾታ ቢያምታታ አድማጩ ሐሳቡን ከመረዳት የሚያግደው ምንም የለም። እንዲህ ያለውን መንሸራተት እያነሡ መሳለቅ ሰዋስውን መውደድ አይደለም። በመልበሻ ክፍሉ አማርኛ የሚነገረው የአንዱ ብቻ ስለሆነ አይደለም፤ ከብዙ ቤት የመጡትን ስለሚያገናኝ ነው። መገናኛ የሆነ ቋንቋ መሃል ላይ የሚያነክስ ሁልጊዜ ይኖራል፤ ያነከሰውም ቢሆን ደርሷል።

የአሰልጣኝ ንግግር አንድ ዓይነት አለመሆኑም ይዘነጋል። ሜዳ ዳር ቆሞ የሚጮኸው፣ በዕረፍት ሰዓት በመልበሻ ክፍል የሚናገረውና ለጋዜጠኛ የሚመልሰው በሥርዓት የተለያዩ ናቸው።

ሜዳ ዳር ያለው ንግግር ከሞላ ጎደል ትእዛዝ አንቀጽ ብቻ ነው፦ ውጣ፣ ዝጋ፣ ያዘው፣ ጠጋ በል፣ ተመለስ፣ አትቸኩል። ባለቤትና ተሳቢ በአንዲት ቃል ውስጥ ተጠቅልለው ይሄዳሉ። የአማርኛ ግስ ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል፤ «ዝጋ» ሲባል አንዱ ተከላካይ፣ «ዝጉ» ሲባል መሥመሩ በሙሉ ይሰማል፤ ከሴቶች ብሔራዊ ቡድናችን ከሉሲዎቹ ሜዳ ዳር ደግሞ «ዝጊ» የሚለው ጥሪ አንዷን ለይቶ ያገኛታል። አንዲት ፊደል ማን መንቀሳቀስ እንዳለበት ትወስናለች። ሰዋስው እዚህ የሚያገለግለው ለጌጥ አይደለም፤ ተሳስቶ የተጠራ ተከላካይ ግማሽ እርምጃ ይዘገያል፣ ግማሽ እርምጃም ጎል ነው።

ጨዋነቱስ? በሜዳ ዳር ጩኸት ውስጥ «እባክህ» አይሰማም፤ ቁጣና ስድብ የተቀላቀለበትም አለ። የኳስ ጨዋታ ንግግር ከዘወትሩ ሥርዓት ነጻ የሚወጣበት ልማድ ግን ከእግር ኳስ በፊት ነበረን። በገና ጨዋታ፣ ዱላውና ሩሩ በሚገናኙበት ሜዳ፣ ባላገሩ ጌታውን በግጥም መንካት ይፈቀድለታል፤ ጌታም ሊቆጣ አይገባውም ይባላል። ታኅሣሥ 29 ቀን ላሊበላ በምእመናን በምትሞላበት በዚያው በዓል ስም የሚጠራ ጨዋታ የንግግር ነጻነት ሰጥቷል፤ ነጻነቱ ግን ከሜዳው አያልፍም። አሰልጣኞቻችንም ይህን ወሰን ቢያውቁት መልካም ነው፦ በሜዳው የተፈቀደ ማይክራፎን ፊት አልተፈቀደም።

የመልበሻ ክፍሉን ንግግር አናውቀውም፤ አለማወቃችንም ተገቢ ነው። ከታሪክ ግን አንድ ነገር መናገር ይቻላል። በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብጽን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣው ቡድን የአንድ ቋንቋ ልጆች ስብስብ አልነበረም። አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ አሥመራ ላይ ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለደ ነው፤ ወንድሙ ኢታሎም በዚያው ፍጻሜ ጎል አግብቷል። አሰልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ደግሞ የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ናቸው፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ጀርመን ድረስ ሄደው የአማርኛ ዜማቸውን በሸክላ ያስቀረጹት የዚያ ባለቅኔና ድምፃዊ ልጅ። በአባት ወገን ከዚህ የበለጠ የቃል ሀብት የወረሰ አሰልጣኝ ኢትዮጵያ አላየችም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ይድነቃቸው ቃል ዋና መሣሪያቸው የሆነው ግን በኋላ ነው፤ ከ1972 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ሲመሩ፣ የአፓርታይድ ደቡብ አፍሪካ ከአህጉሩ ስፖርት ውጭ እንድትቆይ በየጉባኤው ሲከራከሩ። እዚያ አንዲት ቃል መጉደል ድምፅ ታስጎድላለች። በልዩ ልዩ አፍ የሚናገረውን ያንን ቡድን ለማሸነፍ ያበቃው ግን የተስተካከለ ዓረፍተ ነገር ነው የሚል የለም።

የዓለም ተሞክሮም ይህንኑ ያሳያል። ጣሊያናዊው ፋቢዮ ካፔሎ እንግሊዝን ሲያሠለጥን በእንግሊዝኛው ድክመት ሲነቀፍ፣ ለኳስ ዘዴ ቢበዛ 100 ቃላት ይበቃሉ ብሎ መልሷል። አርጀንቲናዊው ማርሴሎ ቢኤልሳ ሊድስን ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲመራ በአስተርጓሚ ነበር የሚናገረው፤ ክለቡን በ2020 ከ16 ዓመት በኋላ ወደ ፕሪሚየር ሊግ መለሰው። ለእኛ አስተርጓሚ እንደ ጉድለት የሚታይ ከሆነ የራሳችንን የቤተ መንግሥት ሥርዓት ረስተናል ማለት ነው፤ አፈ ንጉሥ የሚባል ሹመት የነበረን ሕዝቦች ነን።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ምሳሌ ግን ጆቫኒ ትራፓቶኒ ነው። የባየርን ሙኒክ አሰልጣኝ ሳለ፣ ማርች 10 ቀን 1998 እ.ኤ.አ.፣ ቡድኑ በሻልከ ከተሸነፈ በኋላ ጋዜጠኞች ፊት ተቀምጦ ሦስት ደቂቃ ያህል በጀርመንኛ ጮኸ። ጀርመንኛው ከዳር እስከ ዳር የተሰባበረ ነበር። «ጨርሻለሁ» ብሎ ሲዘጋ እንኳ «ነኝ» የሚለውን ረዳት ግስ በሚጠይቅ ቦታ «አለኝ» የሚለውን አስገባ፤ ስሕተቱም ራሱ በጀርመኖች አፍ ቀርቶ እስከ ዛሬ ሲናገሩት ይሰማል። ልብ በሉ፦ በዚያ ንግግር ሰዋስዉ ፈርሶ ሳለ ማን ምን እንዳደረገ ግን አንዳች አልጠፋም። ተጫዋቾቹን በስም ጠራ፤ ማን እንዳልሮጠ፣ ማን እንዳማረረ፣ እሱ ራሱ ምን እንደሚያስብ እያንዳንዱ አድማጭ ተረዳ። እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ተቃራኒው ነው። አማርኛው ያማረ ነው፣ ጾታውና ቁጥሩ አይናጋም፤ የሚናገረው ሰው ግን ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የለም።

ወደ ማይክራፎኑ የምመጣው በዚህ ነው። የሚከተለውን መልስ እኔ አቀናበርኩት፤ የማንም የተወሰነ አሰልጣኝ ቃል አይደለም፤ ነገር ግን ሊጉን የሚከታተል ሁሉ ወዲያው ያውቀዋል፦ «እንግዲህ እንደተመለከታችሁት በመጀመሪያው አጋማሽ ጥሩ ተንቀሳቅሰን፣ ኳሱን ይዘን፣ ዕድሎች ፈጥረን፣ ግን ያገኘነውን ዕድል ሳንጠቀም ቀርተን፣ በሁለተኛው አጋማሽ ደግሞ በትኩረት ማነስ ጎል ገብቶብን ማለት ነው።»

የቀድሞ ሊቃውንት «ተንቀሳቅሰን፣ ይዘን፣ ፈጥረን» የሚለውን ቦዝ አንቀጽ ይሉታል፤ ብቻውን አይቆምም፣ የሚያስረው ይፈልጋል። አማርኛ ማሰሪያውን ለመጨረሻ የሚያቆይ ቋንቋ ስለሆነ አድማጭ እስከ ዳር በትዕግሥት ይጠብቃል። ከላይ ባለው መልስ ግን ማሰሪያ አይመጣም። በቦታው «ማለት ነው» ገብቶ ዓረፍተ ነገሩን የተዘጋ ያስመስለዋል። «አማርኛው አይገጥምም» የሚለው የተመልካች ቅሬታ ከዚህ የሚነሣ ይመስለኛል፤ ጆሮው የጠበቀው ፍርድ ስላልደረሰው ነው። የንግግር አማርኛ በቦዝ መንጠልጠሉ በራሱ ነውር አይደለም፤ ገበያ ላይም ለቅሶ ላይም ሁላችንም እንዲሁ እናወራለን። ነውር የሚሆነው ፍርድ በሚጠበቅበት ሰዓት ማሰሪያውን ሲበላው ነው።

ከማሰሪያው የሚብስ ደግሞ ባለቤቱ ነው። አማርኛ በግሱ መጨረሻ ላይ «ል» እና «ብ» አስገብቶ አንድ ነገር ለማን ጥቅም፣ በማን ጉዳት እንደተደረገ ያሳያል፦ ፈረደልን፣ ፈረደብን። እንዲህ ያለ ስስ መሣሪያ ያለው ቋንቋ በአሰልጣኝ አፍ ምን እንደሚሆን ተከታተሉ። ሲያሸንፍ፦ ተቆጣጠርን፣ አገባን፣ አሸነፍን፤ ባለቤቱ «እኛ» ነው፣ ግሱም አድራጊ። ሲሸነፍ፦ ገባብን፣ ተቆጠረብን፣ ተሻረብን፤ አድራጊው ጠፋ። «ጎል ገባብን» የሚለውን ከ«መሸብን» እና ከ«ዘነበብን» አጠገብ አስቀምጡት። አንድ ሥርዓት ናቸው። በሰዋስዉ ጎል እንደ ምሽትና እንደ ዝናብ ከሰማይ የወረደ ነገር ሆነ፤ ቀኝ ተመላላሹ ወደ ፊት ወጥቶ እንዲቀር ያዘዘ ሰው፣ አማካዩን በ60ኛው ደቂቃ ያስወጣ ሰው በዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ መግቢያ የለውም። በዚያ ላይ የስም ለውጥ ይከተላል። በድል ቀን «እኛ» የነበረው በሽንፈት ቀን «ልጆቹ» ይሆናል፦ ልጆቹ ትኩረት አጡ፣ ልጆቹ ጓጉ። «እኔ» የሚለው ቃል ከሁለቱም ቀን ጠፍቷል።

ይህ የስፖርት ክፍል ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን 2005 ዓ.ም. አሳይቶናል። ሰኔ 1 ቀን ቦትስዋና ላይ ብሔራዊ ቡድናችን 2 ለ 1 ያሸነፈውን የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ሁለት ቢጫ ካርድ የነበረበት ምንያህል ተሾመ ተሰልፎ ስለነበር ፊፋ ሦስቱን ነጥብ ነጥቆ ለቦትስዋና ሰጠ። ፌዴሬሽኑ ስሕተቱን አምኗል። አገር ያስጨነቀው ግን የቅጣቱ መጠን ብቻ አልነበረም፤ ካርዱን መቁጠር የነበረበት ማን ነው የሚለው ነበር። አሰልጣኙ? የቡድን መሪው? ጽሕፈት ቤቱ? «ስሕተት ተፈጽሟል» በሚል ተገብሮ ግስ ማንም አልረካም። ሕዝቡ የጠየቀው በትክክለኛ ስሙ ሲጠራ የሰዋስው ጥያቄ ነበር፦ የዚህ ግስ ባለቤት ማን ነው?

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ እኔም አከብረዋለሁ። «ገባብን» የሚለው አነጋገር ርኅራኄ አለበት። አሰልጣኙ «ጎሉ የገባው እገሌ ቦታውን ለቆ ስለሄደ ነው» ቢል፣ የሃያ ዓመት ልጅ በአንድ ሌሊት የአገር መዘባበቻ ይሆናል፤ ቤተሰቡም ይሰማዋል። አማርኛ ባለቤቱን መደበቅ መቻሉ ያን ልጅ ይሸፍነዋል። ትራፓቶኒ ያደረገውን በእኛ አገር ማንም እንዲያደርግ አልመኝም። «ልጆቹ» የሚለውም ቢሆን አሰልጣኙ በተጫዋቾቹ ላይ ያለውን አባትነት ያሳያል፤ እነሱም «ጋሼ» ይሉታል። ነገር ግን አባትነት ከሆነ ወጉ ይታወቃል፦ የቤቱ ጥፋት ሲጠየቅ አባት ይቆማል እንጂ ወደ ልጆቹ አያመለክትም። እንግዲህ መደበቅ የተገባው የተጫዋቹ ስም ነው፤ የራሱ የአሰልጣኙ አይደለም። «ተጭነን እንድንጫወት የወሰንኩት እኔ ነኝ፤ ከኋላችን የተተወው ቦታም በዚያ ምክንያት የመጣ ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ልጁንም ይሸፍናል፣ እውነቱንም አይሸፍንም። ማሰሪያ አለው፣ ባለቤት አለው፤ በዋድላ መምህር ፊት ቢነገር የሚመለስ አይመስለኝም።

እንዲህ የሚናገሩ ጠፍተዋል ማለቴ አይደለም። ኢትዮጵያ ቡናን በ2003 ዓ.ም. ለሊግ ዋንጫ ያበቁት፣ በኋላም ብሔራዊ ቡድኑን፣ ዋልያዎቹን፣ ወደ ካሜሩኑ አፍሪካ ዋንጫ ያሻገሩት ውበቱ አባተ፣ እንዲሁም በ2012 ዓ.ም. ወደ ቡና በአሰልጣኝነት የተመለሱት ካሳዬ አራጌ ሐሳባቸውን ለማስረዳት የሚደክሙ ናቸው። ኳስን መሠረት ያደረገ አጨዋወት ለምን እንደመረጡ፣ ግብ ጠባቂው ለምን ኳሱን በረጅሙ መምታት እንደሌለበት ምክንያት ይሰጣሉ። በአጨዋወታቸው የማይስማማ ብዙ ነው፤ የማይስማማው ግን የሚከራከርበት የተጨበጠ ነገር ስላገኘ ነው። የምርጫው ባለቤት ማን እንደሆነ ከንግግራቸው ይታወቃልና ሽንፈት ሲመጣ የሚጠየቀውም ይታወቃል። ይህ ዋጋ ያስከፍላል፤ ያስከፈላቸውም ይመስለኛል።

የባዕድ ቃላት ጉዳይ ብዙ አያቆየኝም። «ፕሬስ» እና «ትራንዚሽን» የሚሉ አሰልጣኞች አማርኛን አያጠፉም፤ አባቶቻችን «ጎል» እና «ፋውል» ሲሉ እንዳላጠፉት ሁሉ። የሚጎዳው ቃሉ አስረጂ መሆኑ ቀርቶ መከለያ ሲሆን ብቻ ነው፤ ለምን እንደተሸነፈ የተጠየቀ ሰው «የታክቲካል ዲሲፕሊን ችግር» ብሎ ሲያልፍ እንደገና ባለቤት አጥተናል፤ «ችግር» ባለቤት ሆኖ አሰልጣኙን ተክቷል።

የአድማጩም ጆሮ ንጹሕ አይደለም። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ሱዳን 2 ለ 0 ተሸንፋ ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስትመለስ የአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ንግግር ለሁላችንም ጣፋጭ ነበር። በ2006 ዓ.ም. ሲሰናበቱ ያንኑ አነጋገር የሚያጣጥል በዛ። በሁለቱ ዓመታት መካከል የሰውየው አማርኛ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የውጤት ሰሌዳው ነው። ስለዚህ «ንግግር አይችልም» የሚል ፍርድ ከመስጠታችን በፊት ቡድኑ ባሸነፈበት ቀን የተናገረውንም ደግሞ መስማት ፍትሕ ነው። ያንኑ ቦዝ አንቀጽ፣ ያንኑ «ማለት ነው» እናገኘዋለን፤ በዚያ ቀን ግን ማንም አልቆጠረውም።

የመጨረሻው ድርሻ የጋዜጠኞች ነው። ሶከር ኢትዮጵያ «የአሰልጣኞች አስተያየት» በሚል ርእስ ከየጨዋታው በኋላ የሚያወጣው ጽሑፍ ለዚህ ዓይነት ጥናት ትልቅ መዝገብ ነው፤ አገራችን የአሰልጣኞቿን ቃል በተከታታይ ያስቀመጠችበት ሌላ ብዙ ቦታ የላትም። የንግግር ቃል ወደ ጽሑፍ ሲገባ መታረሙ የማይቀር ነው፤ ቦዙ ማሰሪያ ይሰጠዋል፣ የተንሸራተተው ጾታ ይቃናል። በዚህ አልጣላም። ለአርታኢዎቹና ለዘጋቢዎቹ የማቀርበው ልመና አንድ ነው፦ ጾታውን አርሙለት፣ ቁጥሩን አቃኑለት፣ ባለቤቱን ግን አትንኩበት። «ገባብን» ካለ «ገባብን» ተብሎ ይጻፍ፤ «ተሳስቻለሁ» ያለ እንደሆነም ወደ «ስሕተቶች ነበሩ» አትለውጡበት። «ጨዋታውን እንዴት አዩት?» የሚለው ጥያቄ ደግሞ ይብቃ፤ በቦታው «አጥቂውን በዕረፍት ሰዓት ያስወጡት ለምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። እንዲህ ያለው ጥያቄ «እኔ» ብሎ የሚጀምር መልስ ይፈልጋል።